ከጉበት ካንሰር ሕክምና በኋላ፦ የክትትል፣ የማዕድና የጾም ትምህርት ለአጥቢያዎች

በጉበት ካንሰር ታሞ ሕክምና ያገኘ ምእመን ወደ ቤቱ ሲመለስ ዘመድና ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብሎ ይቀበለዋል። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ጠያቂው እየቀነሰ፣ ቀጠሮው እየተዘነጋ ይሄዳል፤ ሕመሙም ያለቀ ይመስላል። የጉበት ካንሰር ግን ከሕክምናው ማግስት ጀምሮ ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትልን የሚሻ ሕመም ነው። ክትትሉ በዓመት ለጥቂት ቀናት በሆስፒታል ይፈጸማል፤ በቀሩት ቀናት ሁሉ የሚፈጸመው ግን በቤት፣ በማዕድ ዙሪያ፣ በማኅበርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በመሆኑም የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ሊያውቁትና ሊያደርጉት የሚገባውን በዚህ ትምህርት እናቀርባለን። ትምህርቱ የሐኪምን ምክር አይተካም፤ የሐኪሙ ምክር በአጥቢያው ዘንድ እንዲፈጸም ያግዛል እንጂ።

1. ዕጢው ቢወገድም ጉበቱ ያው ነው

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የሰውነት ክፍል ነው። ከምግብ የተገኘውን ኃይል ያከማቻል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል፤ ለሰውነት የማይበጀውን ያጣራል። ጤናማ ጉበት ከፊሉ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ መልሶ ያድጋል። የጉበት ካንሰር የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ግን ጉበታቸው አስቀድሞ የተጎዳ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ፣ የአልኮል መጠጥ፣ ከስኳር በሽታና ከውፍረት ጋር የሚመጣ የጉበት ስብ ለብዙ ዓመታት ሲያቆስለው ጉበቱ በጠባሳ ይሞላል። ሐኪሞች ይህን ሲሮሲስ ይሉታል። ካንሰሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዚህ ጠባሳ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ታካሚው የተሸከመው ሁለት ሕመም ነው፤ አንዱ ካንሰሩ፣ ሁለተኛው ካንሰሩን ያበቀለው የጉበት ጉዳት። ቀዶ ሕክምናው የመጀመሪያውን ቢያነሣም ሁለተኛው በስፍራው ይቀራል። ጉበታቸው በከፊል ተቆርጦ ከታከሙት ሰዎች ከግማሽ በሚበልጡት ካንሰሩ በ5 ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይታያል፤ ይበልጡንም በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት። ይህን የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም። ተመልሶ የመጣ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ ዳግመኛ ሊታከም ይችላልና። ትንሽ ዕጢ ግን አያምም። ስለዚህ «ሲያመኝ እሄዳለሁ» ብሎ መቆየት ጊዜውን ማሳለፍ ነው።

2. የክትትሉ ሥርዓት

ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያም በኋላ ሁሉም መልካም ከሆነ በየ6 ወሩ ገደማ ምርመራ ያዝዛሉ። ምርመራው በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ጉበቱን ማየትን፣ በደም ውስጥ አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለውን የካንሰር ጠቋሚ መለካትንና የጉበቱን አሠራር መፈተሽን ያካትታል። ሲሮሲስ ላለበት ሰው በጉሮሮ የሚገባ የኢንዶስኮፒ ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል፤ በምግብ ቧንቧው ውስጥ ያበጡ የደም ሥሮች ካሉ ከመፈንዳታቸው በፊት ለማወቅ ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ታካሚ እንደ ቴኖፎቪር ያለ መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። ይህ መድኃኒት ቫይረሱን ያዳክማል፤ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉንም ይቀንሳል። «ተሽሎኛል» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ግን ቫይረሱ እንዲያገረሽና ጉበቱ ክፉኛ እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ በአንጻሩ በኪኒን ብዙ ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ የሚድን ሕመም ነው። ሆኖም ቫይረሱ ቢጠፋም ጠባሳው ስላለ የካንሰር ክትትሉ አይቋረጥም።

ከገጠር ወደ ከተማ ሆስፒታል ለሚመላለስ ምእመን ቀጠሮን ማክበር የመጓጓዣ ገንዘብ፣ አብሮት የሚሄድ ሰውና ማደሪያ ይጠይቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ መዋጮውን በየዓመቱ ማሳደሱንና የሪፈር ወረቀቱን መያዙን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል። የቀደሙት የሲቲ ስካን ፊልሞችና የምርመራ ወረቀቶችም በአንድ ከረጢት ተጠብቀው በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሊወሰዱ ይገባል፤ ሐኪሙ የዛሬውን ካለፈው ጋር ሳያነጻጽር ትንሽ ለውጥን መለየት ይከብደዋልና። ቀኑ እንዳይረሳም ከወርኃዊ በዓላት ጋር አያይዞ መያዝ ይቻላል። ኅዳር ሚካኤል ሰሞን የታየ ታካሚ የ3 ወር ቀጠሮው የካቲት ሚካኤል፣ ከዚያም ግንቦት ሚካኤል ሰሞን ነው ቢባል በቤቱ ያሉት ሁሉ ያስታውሱታል።

3. ጾምና ማዕድ

ካህናት ከሁሉ አብልጠው ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። ጤናማ ጉበት ከማታው ማዕድ ያገኘውን ኃይል አከማችቶ ሌሊቱን ሙሉ ሰውነትን ይመግባል። በጠባሳ የተሞላ ጉበት ግን ጎተራው ጠባብ ነው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው አንድ ሌሊት ሳይበላ ሲያድር፣ ሰውነቱ ጤናማ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ምግብ ሲቆይ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። የተከማቸው ሲያልቅም የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ይኖራል። ጡንቻው የከሳ ታካሚ ደግሞ ኢንፌክሽንን መቋቋምና ዳግመኛ ሕክምና ቢያስፈልገው መሸከም ይሳነዋል።

ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው ከባዱ ነገር ብዙ ጊዜ የሰዓቱ ርዝመት ነው እንጂ የጾሙ ምግብ ዓይነት አይደለም። እስከ 9 ሰዓት መቆየት ይጎዳዋል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ግን ይጠቅሙታል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። ይህን መጠን ከጥራጥሬ ብቻ ለማግኘት ግን ብዙ መብላት ስለሚያስፈልግ፣ ሰውነቱ የከሳ ወይም ከቀዶ ሕክምና ገና ያላገገመ ታካሚ እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ በጾም ወራትም ሊታዘዝለት ይችላል።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕሙማንን ከጤነኞች ለይቶ ይመለከታል። ይህን ሥልጣን በተግባር የሚያውለው ንስሐ አባቱ ነው። ታካሚው ራሱ «ትንሽ ልሞክር» እያለ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰውነቱን እንዳያደክም፣ አባት አስቀድሞ ሊጠራውና የሐኪሙን ቃል ሊጠይቀው ይገባል። ፈቃዱም ግልጽ ቢሆን መልካም ነው፤ ከጾሙ ሰዓት፣ ከጾሙ ምግብ ወይስ ከሁለቱም? ብዙ ምእመናን መብላታቸውን እንደ ኃጢአት ቈጥረው በድብቅ ይጾማሉና፣ ከአባት አንደበት የሚወጣ የማያሻማ ቃል ለእነርሱ ትልቅ ዕረፍት ነው። የምጽዋትና የጸሎት በር ለሁሉም ክፍት ነው። ስግደትም ቢሆን የቀዶ ሕክምናው ቁስል እስኪጠና ድረስ በአባት ፈቃድ ቀለል ሊል ይችላል።

የዕለቱ ማዕድ በ5 ወይም በ6 ጊዜ ቢከፋፈል ይመረጣል። ጠዋት ማልዶ አጥሚት ወይም ገንፎ፣ ከመኝታ በፊትም ጥቂት በሶ፣ ቂጣ ወይም ክክ መቅመስ የሌሊቱን ርዝመት ያሳጥራል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ታካሚ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ጨው እንዲወስድ ይመከራል። በበርበሬና በሽሮ ውስጥ የተጨመረው ጨውም እንደሚቈጠር ባለቤቲቱ ልታውቅ ይገባል። ቡና አይከለከልም፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። ጨው ጨምረው በሚጠጡ አካባቢዎች ግን ጨው ሳይገባበት ይጠጣ።

የሻገተ ለውዝ፣ በቆሎና ማሽላ ሊበላ አይገባም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ፣ ለጉበት ካንሰር የሚዳርግ መርዝ ያወጣል፤ ማብሰልም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። እህልን በሚገባ አድርቆ እርጥበት በማይነካው ስፍራ ማስቀመጥ ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለመላው ቤተሰብ ጥበቃ ነው።

4. መጠጥ፣ ጫትና የባህል መድኃኒት

ለተጎዳ ጉበት ደኅና የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ጠላ ከአረቄ ቢቀልም ያው አልኮል ነው፤ ጠጅም እንዲሁ። ፈተናው የሚበረታው በማኅበር፣ በሰንበቴና በዝክር ነው። «የጻድቁ ጠላ ምን ያደርጋል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መምከሩን የሚጠቅስም ይኖራል። ያ ምክር የተሰጠው ለጢሞቴዎስ ጤና ታስቦ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል፤ በዚሁ አሳብ ጉበቱን የሚጎዳውን መጠጥ መተው የምክሩ ፍጻሜ ነው። የማኅበር አባላት ለታካሚው ቡና፣ ሻይ ወይም ውኃ አስቀድመው ቢያዘጋጁ «አልጠጣም» እያለ ከመከራከር ያድኑታል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ጫት መቃምን ከጉበት ሕመም ጋር አያይዘውታል፤ ትምባሆም ለጉበት ካንሰር ከሚያጋልጡት አንዱ ነው። መጠኑና ይዘቱ ያልታወቀ የሥርና የቅጠል መድኃኒትም ጉበትን ሊያቃጥል ይችላል። ዐይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባህል መድኃኒት መሮጥ የተለመደ ነውና በዚህ ላይ ማስተማር ያስፈልጋል። ለራስ ምታትና ለቁርጥማት ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ለሲሮሲስ ታካሚ አይመከሩም። ፓራሲታሞል ሐኪሙ በወሰነው መጠን ይወሰዳል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከ4 ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን አይበልጥም።

5. ጠበል፣ መድኃኒትና አስቸኳይ ምልክቶች

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርንና በመድኃኒት መጠቀምን ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመነ ፕትርክናቸው ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለጉበት ታካሚም መንገዱ ይኸው ነው፤ ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን ይዞ ይግባ። አብዝቶ ጠጥቶ ማስመለስ ግን በምግብ ቧንቧው ያበጡ የደም ሥሮች ላሉበት ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል የጠበሉ አገልጋዮች ይህን ሊያውቁ ይገባል።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ጉበት ማጣራት ሲሳነው በደም ውስጥ የቀረው ቆሻሻ አእምሮን ያውካል። ታካሚው ቀን እየተኛ ሌሊት ይነቃል፤ ይዘባርቃል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጠባዩ ይለወጣል። ቤተሰቡም «መንፈስ ያዘው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ በሆድ ድርቀት፣ በኢንፌክሽን፣ በደም መፍሰስ ወይም በእንቅልፍ ኪኒን የሚቀሰቀስ ሲሆን በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ስለዚህ የጉበት ሕመም እንዳለበት የሚታወቅ ሰው እንዲህ ሲሆን ካህኑ ጸልዮለት በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና እንዲሄድ ያድርግ።

ከዚህም ሌላ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የሆድ በፍጥነት መነፋት፣ የዐይን ቢጫ መሆን፣ ከትኩሳት ጋር የሚመጣ የሆድ ሕመም ሲታዩ ቀጠሮ አይጠበቅም።

6. የቤተሰቡ ጥበቃ

የታካሚው ሕመም ከሄፓታይተስ ቢ የመጣ ከሆነ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹ፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ ይመርመሩ። ቫይረሱ ያለባቸው ክትትል ይጀምራሉ፤ የሌለባቸው ክትባቱን ይወስዳሉ። የአዋቂዎች ክትባት ብዙውን ጊዜ በ3 ዙር የሚሰጥ ሲሆን ሁለተኛው ከ1 ወር፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ ነው። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ አልተከተቡም።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው። በጋራ ምላጭ፣ ባልተቀቀለ መሣሪያ በሚደረግ ግርዛት፣ ዋግምት፣ ንቅሳትና እንጥል ማስቆረጥም ይተላለፋል። ከአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም መስቀል በመሳለም አይተላለፍም። ታካሚውን ከማዕድ ወይም ከማኅበር ማራቅ መሠረት የለውም፤ ይህንም ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቢናገር ነውሩን ያስወግዳል።

7. ካንሰሩ ቢመለስስ?

ክትትሉን ጠብቆ፣ መጠጡን ትቶ፣ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞም ካንሰሩ የሚመለስበት ሰው አለ። እንዲህ ሲሆን «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ማለት በሕመም ላይ ሐዘን መጨመር ነው። ዳግመኛ ሕክምና የሚቻል ከሆነ ጉዞውን መደገፍ፣ የማይቻል ከሆነም የሕመም ማስታገሻ እንዲያገኝ መርዳትና እስከ መጨረሻው አብሮ መሆን የአጥቢያው ድርሻ ነው። ታካሚው ከእያንዳንዱ ምርመራ በፊት በሚደርስበት ፍርሃት ብቻውን ሊሆን አይገባም፤ በዚያ ሳምንት የሚደረግ አጭር ጉብኝት ከብዙ ቀን ጥየቃ ይበልጣል።

ለሰበካ ጉባኤ የሚመከሩ ተግባራት

ሀ. ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ ታካሚ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ የቀጠሮ ቀኑን በመዝገብ ይያዝ፤ ምስጢሩንም ይጠብቅ።
ለ. ለመጓጓዣ የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ ከአጥቢያው የተራድኦ ሣጥን ተለይቶ ይቀመጥ።
ሐ. ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ንስሐ አባቶች ሕሙማን ልጆቻቸውን ጠርተው ያነጋግሩ።
መ. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተጋብዛ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ምርመራና ክትባት ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለእናቶች ታስተምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የጉበት ሕመም ኖሮባቸው በድብቅ የሚጾሙ ምእመናን ቢኖሩ እንዴት እናውቃለን? ማንስ ያነጋግራቸው?
2. በማኅበራችንና በሰንበቴያችን አልኮል ለማይጠጣ ሰው ምን እናቀርባለን?
3. በጠበላችን ስፍራ የታመመ ሰው መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበትና በሰዓቱ የሚወስድበት ሥርዓት አለ? ከሌለስ ማን ያዘጋጀው?
4. በሌሊት አስቸኳይ ምልክት የታየበትን ሰው ወደ ቅርብ ጤና ተቋም የሚያደርስ ማን ነው? በምንስ መጓጓዣ?