ባዶው ሣጥን ከየት ይመጣል? የአይፍሬም የማሳያና የአገናኝ ችግሮች በአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላይ

መግቢያ

በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ እንደ መስኮት ተከፍቶ እንዲታይ የሚያደርገው የኤችቲኤምኤል አካል አይፍሬም ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «ክፈፍ» እየተባለ ይጠራል። ክፈፉ ባዶ ሆኖ ሲቀር ወይም በውስጡ ያለው አገናኝ ሲነካ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ ለተጠቃሚው በብዛት የሚሰጠው ምክር «በሌላ ብሮውዘር ሞክሩት» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ምክሩ አልፎ አልፎ ችግሩን ከዓይን ቢያርቅም መነሻውን እንደሚሸፍን፣ ምርመራውም ከብሮውዘሩ በፊት ከውስጠኛው ገጽ መጀመር እንዳለበት ማሳየት ነው።

ለምርመራው መነሻ የሆነው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ አካባቢ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የምዝገባ ማስታወቂያውን በሌላ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በድረ ገጹ መግቢያ ላይ በክፈፍ ያሳይ ነበር። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ማስታወቂያው በትክክል ይነበባል። ብዙ ወላጆች ግን በስልካቸው የሚያዩት ነጭ ሣጥን ብቻ ነበር። ምዝገባው ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ በመሆኑ ቀኑ ሊያልፍባቸው የተቃረቡ ነበሩ።

የቀድሞው ልዩነትና የዛሬው

ብሮውዘር መቀየር መፍትሔ የነበረበት ዘመን መኖሩ አይካድም። ክፈፉ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 ሲሆን፣ በኤችቲኤምኤል 4.0 ደረጃ ውስጥ የተካተተው በ1997 መጨረሻ ነው። ኔትስኬፕ 4 ጨርሶ አያውቀውም ነበር፤ የተቀበለው በ2000 የወጣው ኔትስኬፕ 6 ነው። ለዚህም ሲባል በክፈፉ መክፈቻና መዝጊያ መካከል «ብሮውዘርዎ ይህን አያሳይም» የሚል ተለዋጭ ጽሑፍ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ያሉት ብሮውዘሮች ሁሉ ክፈፍን ስለሚያውቁ፣ የውስጡ ገጽ ባይከፈት እንኳ ያን ጽሑፍ አያሳዩም። ዐረፍተ ነገሩ ግን እስከ አሁን ከገጽ ወደ ገጽ ይገለበጣል፤ የሚያነበው የለም።

የዛሬው ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከደኅንነት ደንቦች ነው። ደንቦቹ በየብሮውዘሩና በየእትሙ በተለያየ ጊዜ ስለገቡ፣ አንዱ ጋ የሚታየው ሌላው ጋ ይዘጋል።

ሦስት ባዶ ሣጥኖች

በትምህርት ቤቱ ጉዳይ የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በአድራሻው አጀማመር ላይ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ነው፤ የሚሠራውም በዚያ ሥርዓት ላይ የመጨረሻ በሆነው ክሮም 109 ነው። ድረ ገጹ የሚከፈተው ከዓመታት በፊት ከተቀመጠ ዕልባት ሲሆን አድራሻው የሚጀምረው በኤችቲቲፒ ነው። ወላጆቹ ደግሞ ከፍለጋ ውጤት ተነሥተው በኤችቲቲፒኤስ ይገቡ ነበር። የውስጠኛው ማስታወቂያ አድራሻ ኤችቲቲፒ በመሆኑ፣ ምስጠራ ባለው ገጽ ውስጥ ምስጠራ የሌለው ክፈፍ እንዲከፈት ብሮውዘሩ አልፈቀደም። ፋየርፎክስ ይህን ክልከላ በነባሪነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው እትም 23 ነው። ለማረጋገጥ በዚያው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ሲጻፍ ሣጥኑ ባዶ ሆነ። ስለዚህ ልዩነቱን የፈጠረው የአድራሻው አጀማመር እንጂ ስልኩ ወይም ብሮውዘሩ አልነበረም።

ሁለተኛው ዓይነት ባዶ ሣጥን የሚመጣው ውስጠኛው ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ መታየትን ሲከለክል ነው። ክልከላው የተፈጠረው ተጠቃሚው በማይታይ ክፈፍ ላይ ሳያውቅ እንዲጫን ከሚያደርግ ማታለል ለመጠበቅ ነው። ኤክስ-ፍሬም-ኦፕሽንስ የተባለው የሰርቨር ራስጌ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ጋር መጣ። ከሦስቱ ትእዛዞቹ ዲናይ ሁሉንም ይከለክላል፤ ሴምኦሪጅን ለራሱ ድረ ገጽ ብቻ ይፈቅዳል፤ አላው-ፍሮም ደግሞ ለተጠቀሰ አንድ አድራሻ ይፈቅዳል። እውነተኛ የብሮውዘር ልዩነት ያለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይቀበለዋል፤ ፋየርፎክስ ተቀብሎት ቆይቶ በእትም 70 ትቶታል፤ ክሮምና ሳፋሪ ግን ፈጽሞ አልደገፉትም። እነርሱ ትእዛዙን እንዳልተጻፈ ስለሚቆጥሩት ገጹን ለማንም ያሳያሉ። «በክሮም ይሠራል» የሚለው ምስክርነት እዚህ ላይ የሚያሳየው ጥበቃው አለመኖሩን ነው። ትክክለኛው መንገድ በኮንቴንት ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ ፍሬም-አንሴስተርስ የተባለውን ትእዛዝ መጠቀም ነው፤ ሁለቱ አብረው ቢገኙም ዘመናዊ ብሮውዘሮች የሚከተሉት ይህንኑ ነው። ሁለቱም በሰርቨሩ ራስጌ ካልተላኩ በቀር ዋጋ የላቸውም፤ በገጹ ውስጥ በሜታ መለያ ቢጻፉ ችላ ይባላሉ።

የቪዲዮ ክፈፍ ላይ የሚደርሰው ስሕተትም ከዚሁ ይመደባል። የዩቲዩብ የመመልከቻ ገጽ አድራሻ በክፈፍ ውስጥ አይከፈትም፤ ለመክተቻ የተዘጋጀው፣ ኢምቤድ የሚለው ቃል ያለበት አድራሻ ግን ይከፈታል።

ሦስተኛው ዓይነት ከኩኪ ጋር የተያያዘ ነው። ክፈፉ ይታያል፤ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ግን ተመልሶ መግቢያው ላይ ይገኛል። ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሙሉ በሙሉ ዘግቷል፤ ክሮም በዚያው ዓመት ሴምሳይት ያልተገለጸለትን ኩኪ በክፈፍ ውስጥ መላክ አቁሟል። ይህ በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ስላልገጠመ በዚህ ይታለፋል።

የአማርኛ ጽሑፍ በክፈፍ ውስጥ

ማስታወቂያው ኤችቲቲፒኤስ ወዳለው ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ያልተጠበቀ ችግር መጣ። በአዲሱ ሰርቨር ላይ በተዘጋጀ የሙከራ ገጽ ውስጥ አማርኛው በትክክል ተነበበ፤ በትምህርት ቤቱ ገጽ ውስጥ ግን ፊደሉ ሁሉ ጭረትና ነጥብ ወዳለባቸው የላቲን ምልክቶች ተለወጠ። ሁለቱንም የከፈተው አንድ ብሮውዘር ነው።

ምክንያቱ የፊደል አሠያየም ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ብሮውዘሩ የገጹን አሠያየም ካላወቀ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የላቲን ምልክቶች ሊያነባቸው ይችላል። የቀድሞው ሰርቨር አሠያየሙን በራስጌ ያሳውቅ ነበር፤ አዲሱ አያሳውቅም፤ በፋይሉ ውስጥም አልተጻፈም። በኤችቲኤምኤል ደረጃ መሠረት፣ አሠያየሙ ያልተገለጸ ክፈፍ ከአቃፊው ገጽ የሚወርሰው ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ሲሆኑ ብቻ ነው። የሙከራው ገጽ ከማስታወቂያው ጋር ምንጭ ስለሚጋራ አወረሰው፤ የትምህርት ቤቱ ገጽ አላወረሰውም። አጥኚው ክፈፉን በሦስት ብሮውዘሮች ሲያወዳድር ግማሽ ቀን አሳልፏል። የውስጡን ገጽ ለብቻው ቢከፍተው ኖሮ ብልሽቱን በመጀመሪያው ደቂቃ ባየው ነበር። መፍትሔውም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጽ አንድ የሜታ መስመር በፋይሉ ራስ ላይ መጨመር ነው።

የፊደል ቅርጽም እንዲሁ ነው። አቃፊው ገጽ የመረጠው የፊደል ዓይነት ወደ ክፈፉ አይሻገርም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፊደል ዓይነት ስለያዘ የዩኒኮድ ጽሑፍ ቢያንስ ይነበባል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ግን የራሱን የፊደል ዓይነት በክፈፉ ውስጥ ካላገኘ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል።

አገናኞች

ማስታወቂያው መነበብ ከጀመረ በኋላ፣ በውስጡ ወዳለው የፌስቡክ ገጽ የሚወስደው አገናኝ ሲነካ ክፈፉ እንደገና ባዶ ሆነ። ታርጌት የተባለው መግለጫ የሌለው አገናኝ የሚከፈተው በዚያው ክፈፍ ውስጥ ነው፤ ፌስቡክ ደግሞ በክፈፍ ውስጥ መታየትን ይከለክላል። የአገናኝ ችግር መስሎ የታየው ከላይ የተገለጸው ሁለተኛው ባዶ ሣጥን ነበር። በማስታወቂያው ራስ ላይ ቤዝ በተባለው መለያ ታርጌትን ቶፕ ብሎ መወሰን ሁሉንም አገናኞች በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉው መስኮት ያወጣቸዋል። ክፈፉ ሳንድቦክስ የሚል ገደብ ካለበት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ላይኛው መስኮት መውጣትም ሆነ አዲስ ትር መክፈት በየስሙ ካልተፈቀደ አገናኙ ሲነካ ዝም ይላል። መልእክቱ የሚገኘው በብሮውዘሩ የገንቢ መሣሪያ ውስጥ ብቻ ነው። አገናኙ ክፈፉን በስም የሚጠራ ከሆነም ስሙ በትልቅና በትንሽ ፊደል ሳይቀር መመሳሰል አለበት፤ ካልተመሳሰለ ገጹ በአዲስ ትር ይከፈታል።

የቀረው ቁመቱ ነበር። መጠኑ ያልተገለጸ ክፈፍ 300 በ150 ፒክሰል ይሆናል፤ በመቶኛ የተሰጠ ቁመትም አቃፊው የተወሰነ ቁመት ከሌለው ወደ 150 ይመለሳል። በስልክ ላይ የማስታወቂያው የላይኛው ክፍል ብቻ የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከውስጡ ገጽ ቁመቱን በፖስትሜሴጅ ተቀብሎ ክፈፉን የሚያስተካክል ስክሪፕት መጻፍ ይቻላል። አጥኚው ግን ለጥቂት መስመር ማስታወቂያ ይህን ያህል መድከም ተገቢ ሆኖ አላገኘውም። ጽሑፉ ከክፈፉ ወጥቶ በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ በቀጥታ ሰፈረ፤ በክፈፍ የቀሩት ካርታውና ቪዲዮው ናቸው።