አሮጌውን ቴንደር ማሳደስ ይሻላል ወይስ ሌላ መግዛት?
የሙሳኽና የመኪና ገበያ ዕብራይስጥ

በዚህ ወር በኡልፓን ስለ መኪና የሚነገሩትን ቃላት ተምረናል። ሞራችን "የመኪና ነገር የሚያውቅ ሰው ለጋዜጣችን ይጻፍ" ስትል ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ነገር ግን ጎንደር ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ መፍቻ አቀባይ፣ ኋላም ራሴ ሞተር አውራጅ ሆኜ ስለኖርኩ በዚህ በኩል አላፍርም። ፊደሉ ቢጣመም ግን ይቅር በሉኝ።

እንደምታውቁት ቂርያት ጋት ውስጥ የጭነት ሥራ አይጠፋም። ከመርካዙ ወጥቶ ቤት የሚይዝ ሰው አልጋውንና ፍሪጁን የሚያጓጉዝለት ይፈልጋል። በዙሪያችን በላኺሽ ያሉት ሞሻቮችም አትክልትና ፍራፍሬ ያመርታሉ። ስለዚህ ብዙ ወገኖቻችን "ተባብረን አንድ ቴንደር ብንይዝ" ይላሉ። ቴንደር ማለት እኛ ፒክአፕ የምንለው ነው። ከእኛ ሕንፃም ሁለት ወንድማማቾች ከአማቻቸው ጋር ሆነው ገንዘብ አዋጥተዋል። ገንዘቡ ከሳል ክሊታ እየቀነሱና ሌሊት ፋብሪካ እያደሩ የቋጠሩት ነው፤ እሱ ከጠፋ ሌላ የላቸውም። አንድ ሻጭ የ1998 ዓመት ምርት የሆነ ናፍጣ ቴንደር በ12,000 ሸቅል አቀረበላቸው። ሞተሩ ያጨሳል፣ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፣ የኋላው ባሌስትራ ወርዷል። እነሱም "አንተ እያለህልን እናሳድሰዋለን" ብለው ወደ እኔ መጡ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው አሁን ለሁላችሁም የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገር፣ እኛ ለምን ማሳደስ እንወዳለን? ባገራችን ሒሳቡ እንደዚያ ስለሆነ ነው። እዚያ መኪናው ውድ ነው፣ የሰው ጉልበት ርካሽ ነው። አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ሞተሩ ወርዶ፣ ፒስተኑ ተቀይሮ፣ ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተለቅልቆና ቀለም ተቀብቶ እንደገና አሥር ዓመት ይሠራል። ዕቃ ቢጠፋ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ከፈረሰ መኪና ይገኛል። በ2020 (በእኛ 2012) የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጣለ። በ2024 መጀመሪያም መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። እንግዲህ እዚያ ያለ ሰው አሮጌውን አቅፎ ቢይዝ ምን ይገርማል? ልክ ነው።

እዚህ ግን ሚዛኑ ተገልብጧል። መኪና እንደ ዕድሜው ርካሹ ይገኛል፤ ውዱ የመኾናዩ ሰዓት ነው። መኾናይ ማለት መካኒክ፣ ሙሳኽ ማለት ጋራዥ ነው። ስለዚህ ሙሳኽ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ "ሃጻዓት መሒር በብቃሻ" ይሁን፤ ይኸውም "የዋጋ ማቅረቢያ እባክህ" ማለት ነው። በአፍ የተነገረ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ሲጨርስም "ሔሽቦኒት" ተቀበሉ፤ ደረሰኝ ያለው ሒሳብ ነው። ሔሽቦን እና ሒሳብ አንድ ሥር እንዳላቸው ታያላችሁ፤ እንዲህ ያለው ቃል ቶሎ አይረሳም። የመለዋወጫ ዕቃ ደግሞ "ሐላፊም" ይባላል። ቄሶቻችን በግዕዝ "ኀለፈ" የሚሉትን አስቡ፤ ያለፈውን ተክቶ የሚገባ ማለት ነው። ከፈረሰ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ "ፒሩኪያ" ይባላል፤ የዚህ አገር ሶማሌ ተራ በሉት።

ለወንድሞቻችን ሙሳኹ የጻፈላቸው ወረቀት እንዲህ ይላል። የእጅ ሥራ 6,500፣ ሐላፊም 7,200፣ ድምር 13,700 ሸቅል። በዚህ ላይ ማዓም አለ። ማዓም ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ስለሆነ 2,466 ይጨመራል፤ ጠቅላላው 16,166 ይሆናል። መግዣውን 12,000 ስትጨምሩ 28,166። አራት ጎማ (ጽሚጊም) 1,600 ብትሉ 29,766 ደረሰ። ያን ጊዜ ታናሽየው "ይኸው 30 ሺህ አልሞላም፤ የ2012ቱ ቴንደር እኮ 38,000 ነው የሚሉት፤ 8,000 አተረፍን" አለኝ። እኔም "ቀኑንስ ቆጠርከው?" አልኩት። ሙሳኹ ዕቃ እስኪገኝ አርባ የሥራ ቀን ይፈጃል ብሏል። ቴንደሩ ቆሞ በዋለ ቁጥር ገቢ የለም። ከናፍጣው ተርፎ በቀን 250 ሸቅል ይገኛል ብንል፣ አርባ ቀን 10,000 ሸቅል ነው። 8,000 ለማትረፍ 10,000 ከፈልን ማለት ነው። በዚያ ላይ የታደሰው ሞተሩ እንጂ ካምቢዮው፣ መሪው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ ያው የ1998ቱ ነው። ነገ ደግሞ እሱ ይመጣል።

ታዲያ አሮጌ ሁሉ ይጣል አልልም። ሞተር ሞቶ ይነሣል፤ ሻንሲ ግን አንዴ ከተበላ አይመለስም። ሻንሲ በዕብራይስጥ "ሺልዳ" ነው፤ ይህን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። ሻጩን "ሃይታ ፕጊዓ ባሺልዳ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ "ሻንሲው ተጎድቶ ያውቃል?" ማለት ነው። ከአሽዶድና ከአሽቀሎን በኩል የመጣ መኪና ከሆነ የባሕሩ ጨው ከሥር ስለሚበላው በተለይ ተኝታችሁ እዩት። ላሜራው ላይ ማግኔት አስጠጉ፤ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ በታች ስቱኮ አለ። ሞተሩን ደግሞ ቀዝቅዞ እያለ አስነሡት። ሻጩ "ቀድሜ አሙቄ ጠበቅኋችሁ" ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ አልተመጠነም፤ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካላቆመ ውሃ እየገባ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው፣ እሱም ካልፈራረሰ ይሠራል።

ይህን ሁሉ እኔ በዓይኔ ባየውም በእኔ ቃል ብቻ ገንዘብ እንዲያወጡ አልፈቀድኩላቸውም። እዚህ አገር "መኾን ብዲካ" የሚባል አለ፤ ከመግዛት በፊት መኪናውን በማሽን የሚመረምር ቦታ ነው። ገንዘብ ያስከፍላል፤ ግን ከማንም ደላላ ምላስ ይሻላል። ሻጩ መኪናውን ወደዚያ ለመውሰድ እምቢ ካለ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፤ ደህና ዋል ብላችሁ ሂዱ።

ከዚያ ደግሞ "ቴስት" አለ። ባገራችን ቦሎ ለማደስ የሚደረገው ምርመራ ማለት ነው። ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ መሪውን፣ ጭሱን ያያሉ። ዕድሜው ከ15 ዓመት ያለፈ መኪና ወደ ቴስት ከመሄዱ በፊት ፈቃድ ካለው ሙሳኽ የፍሬን ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ፍሬን "ብላሚም" ይባላል። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ ወጪ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መግዣውን እንጂ ይህን አይቆጥርም። ደግሞ አንዳንድ ሰው "30 ዓመት የሞላው መኪና እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ክፍያው ይቀንሳል" ብሎ ይመክራችኋል። አዎ፣ "ሬኼቭ አስፋኑት" ይባላል፤ ነገር ግን በሥራ ቀን ጠዋት ከ7 እስከ 9 ሰዓት መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። ጭነት የሚጫነው በዚያ ሰዓት አይደለም እንዴ? እሱ ድሮ እዚህ አገር ይሠራ የነበረውን ሱሲታን ለሚወዱ ሰዎች ነው። ሱሲታ አካሉ ከፋይበርግላስ ስለነበር ግመል በላው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። እኔም አንድ ቀን ባየው ደስ ይለኛል፤ እንጀራ ግን አይጋገርበትም።

አዲሱስ? አዲስ ቴንደር በአብዛኛው ከ200 ሺህ ሸቅል ወዲያ ነው። ውድ የሚያደርገው ቀረጡ ነው፤ በአዲስ የቤንዚን አውቶሞቢል ላይ "ማስ ክኒያ" የሚባለው የግዢ ቀረጥ 83 በመቶ ነው፤ ማዓም ደግሞ በዚያ ላይ ይመጣል። ለአዲስ ገቢ የመኪና ቀረጥ ቅናሽ አለ፤ ግን ጊዜ ገደብ አለው፣ መኪናውን ማን ሊነዳው እንደሚችልም ውል አለው። ሦስት ሰው እየተቀባበለ ለሚነዳው የሥራ ቴንደር ይሆነናል ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቁጠሩበት። ባንክ 180,000 ቢያበድርና በ60 ወር ቢመለስ፣ ወለዱን ትተን እንኳ በወር 3,000 ሸቅል ነው። ሥራ ያልተገኘበት ወርም ይከፈላል። ደንበኛ ሳይኖር በአዲስ መኪና መጀመር ለእኔ አይታየኝም።

አሁን ደግሞ ከመኪናው የባሰ ነገር ልንገራችሁ። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ "ሃቭታሐት ሃክናሳ" የምትቀበሉ ካላችሁ፣ መኪና በስማችሁ ከመዛወሩ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። እስከ 2012 ድረስ መኪና ያለው ሰው በአብዛኛው ይህን አበል ይከለከል ነበር። በየካቲት 2012 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያን ድንጋጌ ሽሮታል። ቢሆንም የመኪናው ዋጋ አሁንም ይታያል። ሦስት ሰው ገንዘብ አዋጥቶ መኪናው በአንዱ ስም ሲመዘገብ፣ የሌሎቹ ገንዘብ በወረቀት የለም ማለት ነው፤ የአንዱ አበል ደግሞ ይነካል። የስሙን ነገር ወንድማማችም ቢሆን ቀድሞ መነጋገር፣ በጽሑፍም ማስፈር ይሻላል። እነዚህ ወንድሞቻችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ምሽት ተከራክረዋል፤ በመጨረሻ ታላቅየው "በስሜ ይሁን" ማለቱን ተወ፤ መሠረተኛ ሥራ ያለው አማቻቸው ነውና በእሱ ስም እንዲሆን ተስማሙ፤ የየድርሻቸውንም ጽፈው ፈረሙ።

የኢንሹራንሱን ነገር ባጭሩ ልበል። "ቢቱዋሕ ሖቫ" ግዴታ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለተጎዳ ሰው አካል እንጂ ለተሰበረ መኪና አይደለም። የሌላውን ሰው መኪና ብትገጩ የሚከፍለው "ጻድ ጊሜል" ነው። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የበለጠ ይከፍላል። መንጃ ፈቃድ "ዳርጋ ቢ" እስከ 3,500 ኪሎ ያለውን መኪና ይነዳል፤ ዳርጋ ያው ደረጃ ነው። መኪናው የሚችለው ጭነት በሊብሬው (ሪሺዮን ሬኼቭ) ላይ ተጽፏል፤ ጤፍ በረከሰበት ቀን እንኳ ከዚያ በላይ አትጫኑ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። የ1998ቱ ቴንደር መኾን ብዲካ ገብቶ፣ ከጋቢናው በስተኋላ ሺልዳው በዝገት ተበልቶ፣ ከላይ ተበይዶ ተቀብቶ ተገኘ። ተዉት። ሞተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሻጩም ወደ 6,000 ቢወርድ፣ እኔ ራሴ "ያዙት" እል ነበር፤ ሙሳኹ የጻፈው ያው 16,166 ስለሚሆን በ22,166 ጥሩ ሻንሲ ያለው መኪና ይገኝ ነበርና። አሁን ሌላ እየፈለጉ ነው፤ ዓመቱ አዲስ ያልሆነ፣ ያልታደሰ፣ ያልተቀባ፣ በአንድ ሰው እጅ የቆየ።

"እጅ" ስል፣ ሻጩን "ኤይዜ ያድ?" በሉት። "ያድ ሪሾና" ካለ አንድ ባለቤት ብቻ ነበረው፣ "ያድ ሽኒያ" ካለ ሁለተኛው ነው። "ያድ" በግዕዝ እድ ነው፤ ይኸም አይረሳም። ዋጋውን "መሒሮን ሌቪ ይጽሐቅ" በሚባለው የዋጋ ዝርዝር አመሳክሩ። ቀጥሎ "ዬሽ ሺዕቡድ? ዬሽ ዒኩል?" ማለትን ልመዱ፤ ዕዳ ወይም እገዳ አለበት ወይ ማለት ነው። "የለም" ቢላችሁም በፍትሕ ሚኒስቴር "ራሻም ሃማሽኮኖት" በሚባለው መዝገብ ማስፈተሽ ይቻላል። ዕዳው ከመኪናው ጋር ነው የሚመጣው። ስም ማዛወር "ሃዓቫራት ባዓሉት" ይባላል። ባዓሉት ውስጥ የኛን "ባለቤት" የሚለውን "ባለ" ትሰማላችሁ። በፖስታ ቤት ይፈጸማል፤ ሻጭና ገዢ ተዉዳት ዜሁታችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ሙሉውን ገንዘብ ስሙ ሳይዛወር አትስጡ። ሰውየው "ዛሬ ክፈሉኝ፣ ነገ ፖስታ ቤት እንገናኝ" ካለ መልሱ "በያሓድ፣ ዓኽሻቭ" ነው፤ "አብረን፣ አሁን"።