የሙቀት ጉዳት በቅጠል ላይ ስለሚለካበት መንገድ

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ ትንሹን አቃቂ ወንዝ ተከትለው ቆስጣ፥ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ አትክልተኞች አሉ። በበጋ የቅጠሉ ጠርዝ ደርቆ በታየ ጊዜ ሹሙ «ፀሐይ አቃጠለው» ብሎ መጻፍ ይቀለዋል። ነገር ግን የውሃ ጥማትም፥ የጨው ብዛትም፥ ከፋብሪካ ወደ ወንዙ የሚወርደው እድፍም ይህንኑ የመሰለ ምልክት ያሳያሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደጋ ናትና፥ በዚያ ሙቀትን ከመክሰስ አስቀድሞ ውሃውን መመርመር ይገባል። በአዋሽ ሸለቆ ግን፥ 740 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በወረር፥ በመስኖ ለሚዘራው ስንዴ ሙቀት ብርቱ ጠላት ነው።

ቅጠል ከጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱም ሕዋስ በውስጡ ያለውን ውሃና ጨው የሚጠብቅለት ስስ ሽፋን አለው። ሙቀት ሲበረታ ሽፋኑ ይላላል፤ ጨውም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክን ስለሚያሳልፍ፥ የፈሰሰውን መጠን በመሣሪያ መለካት ይቻላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በእድሜ እኩል ከሆኑ ቅጠሎች እኩል ቁራጮች ይወሰዱ፤ ከቁርጡ የወጣው ጭማቂ እንዲወገድ ይታጠቡ፤ ከጨው በነጻ ንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፈው ከቆዩ በኋላ ውሃው ይለካ። ከዚያም ቁራጮቹ በዚያው ውሃ ይቀቀሉና፥ ሲቀዘቅዝ ዳግመኛ ይለካ፤ መቀቀሉ በሕዋሱ የቀረውን ያወጣዋልና። ለምሳሌ ፊተኛው ልክ 30፥ ኋለኛው 50 ቢሆን፥ የፈሰሰው ከመቶ 60 ነው። ጤነኛው ቅጠል ከመቶ 20 ብቻ ቢያፈስ፥ እርሱ 80 ሲይዝ የተጎዳው 40 ይዟልና፥ ጉዳቱ ከመቶ 50 ይሆናል። ጤነኛ ማመሳከሪያ የሌለው ቁጥር ግን ፍርድ አይሰጥም።

ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ ይህ ልኬት የጉዳቱን መጠን እንጂ መንሥኤውን እንደማይናገር ማስተዋል ይገባል። ስለዚህ በአንድ ማሳ ሦስት መደብ ይከፈል፤ ለሁሉም እኩል ውሃ ይሰጥ። ፊተኛው እንደ ወትሮው፥ ሁለተኛው በወንዙ ውሃ በጥላ ሥር፥ ሦስተኛው በፀሐይ ሆኖ በንጹሕ ውሃ ይልማ። ጉዳቱ በጥላ ከቀነሰ የሚጠረጠረው ሙቀቱ ነው፤ በንጹሕ ውሃ ከቀነሰ ግን ወንዙ ነው።

ወንዙ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ «ሙቀት ነው» ተብሎ ቢጻፍ፥ አትክልተኛው ገንዘቡን በከንቱ ለጥላ ያወጣል፤ እድፉም ከጎመኑ ጋራ ወደ በላተኛው ማዕድ ይደርሳል። እንግዲህ ሹም ሳይፈርድ አስቀድሞ ያስለካ።