አይብ በኪሎ ሲገዛ ውሃውን የሚከፍለው ማነው?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬን አልፎ እንጅባራ ከመድረሱ በፊት ጥሊሊን ያገኛል። የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች ስፍራ ደጋ ናት፤ በዙሪያዋም ገበሬው ከእርሻው ጋር ከብት ያረባል። ከቤት ፍጆታ የተረፈው ወተት በቅቤና በአይብ መልክ ወደ ገበያ ይወጣል። ቅቤው የሚጠብቀው ገዢ ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም፤ አይቡ ግን ጥቂት ቀን ካደረ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ላም ደግሞ ጾም አታውቅም። ስለዚህ የአይብ ንግድ ዋና ጥያቄ እንዴት ይሠራል የሚለው ሳይሆን እንዴት ይቆያል የሚለው ነው።

አሠራሩ በየቤቱ የታወቀ ነው። በወይራ ጢስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ወተቱ ይጠራቀማል፤ ከረጋ በኋላ ተንጦ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ በዝግታ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት አይቡ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ባለሙያዋ ሙቀቱን ከ63 ዲግሪ ሳታሳንስ ለ30 ደቂቃ ብታቆየው ይሻላል፤ ከጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፉ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎች በዚህ መጠን ይከላከላሉና። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በጥናት እንደተረጋገጠው ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል አይብ ይገኛል፤ ከዚህም አይብ 79 በመቶው ውሃ ነው። ፕሮቲኑ 15 በመቶ ያህል፣ ስቡም 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስቡ በቅቤው ሄዷልና። እንግዲህ 1 ኪሎ እርጥብ አይብ የሚገዛ ሰው 790 ግራም ውሃ ይገዛል ማለት ነው። ይህንኑ አይብ ውሃው 60 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ብናጠልለው፣ ከአጓቱ ጋር ከደረቁ ነገር ጥቂቱ ስለሚሄድ፣ ግማሽ ኪሎ ግድም ብቻ ይቀራል። በዚህ ስሌት 1 ኪሎ የጠለለ አይብ ወደ 16 ሊትር ወተት የፈጀ ነው።

ሁለቱን ዓይነት በአንድ ዋጋ የሚገዛ ባለሱቅ ግን ጥቂት አይደለም። ይህን ሲያደርግ አይቧን ደህና አድርጋ ያጠለለችውን ሴት ይቀጣታል፤ አጓቱን ሳታወርድ ያመጣችውን ይሸልማታል። በሚቀጥለው ገበያ ሁሉም እርጥቡን ያመጣሉ፤ እርሱም ከሁለት ቀን በኋላ የተበላሸውን እየደፋ ስለ አይብ ሻጮች ተንኮል ያወራል!

በጎጃምና በአዊ መጣጣ የሚባለው አይብ ለዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ ነው። አይቡ አጓቱ በደንብ ወርዶለት፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ካሉ ቅመማት ጋር ተለውሶ፣ በዕቃ ተከድኖ ይብላላል። ውሃው ስላነሰና ኮምጣጣነቱ ስለበረታ ከተራው አይብ እጅግ ይቆያል፤ በጾም ወራት የተጠራቀመው ወተት ለፋሲካ ገበያ ሊደርስ የሚችለውም በዚህ መልክ ነው። ዋጋው ከፍ ቢል አያስገርምም፤ ብዙ ወተት፣ ብዙ ቀንና ቅመም በልቷልና።

ባለሱቁ የሚገዛውን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያሻውም። ከእያንዳንዷ ሻጭ አይብ አንድ አንድ ኪሎ ለይቶ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ፣ በቀዝቃዛ ስፍራ ሌሊቱን ይስቀለው፤ ሲነጋ ይመዝነው። የአንደኛዋ 900 ግራም፣ የሌላዋ 600 ግራም ቢወጣ፣ ሁለቱ በዚያው ልክ የተለያየ ዋጋ ሊከፈላቸው ይገባል። ውጤቱንም ለሻጮቹ እዚያው በሚዛኑ ፊት ያሳያቸው።