የቤት ኪራይ ውልና የሙስሊም አከራይ አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ወላይታ ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ናት። መምህሩም፣ ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣው ሠራተኛም፣ ነጋዴውም ቤት ይፈልጋል። በጓሮው ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች የሠራ ወንድማችንም አከራይ ሆኗል። ብዙውን ጊዜ ግን ውሉ የቃል ነው። «በሙስሊሞች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይባላል።

ነገሩ መተማመን ይመስላል። ሆኖም አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖረው ሲያዝ የተናገረው ለምእመናን ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም ኢጃራህ ትክክለኛ እንዲሆን የሚከራየው ነገር፣ ዋጋውና ጊዜው መታወቅ አለበት ይላሉ። «ግባ፣ ዋጋውን በኋላ እንነጋገራለን» ማለት የጠብ በር መክፈት ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚጠይቀው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይለፍ፣ ገንዘቡም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያሳውቀው መጠን ነው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነውና፣ የሶዶም ሆነ የአረካና የቦዲቲ አከራይ ለከተማው የተወሰነውን ከአስተዳደሩ ቢሮ ይጠይቅ። የደላላ ወሬ አይበቃም።

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ ተስዒርን ያነሣሉ። እውነት ነው፣ በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተምኑ ቢጠየቁ አልተመኑም። ኢብን ተይሚያህ ግን ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፍ ግፍ የሆነውን ተመን ግፍን ከሚከላከለው ለይተዋል። አዋጁም ቢሆን የመጀመሪያውን ዋጋ አከራይና ተከራይ እንዲስማሙበት ይተዋል፤ የሚገድበው በኋላ የሚመጣውን ጭማሪ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባን ተከራይ «ካልጨመርክ ነገ ውጣ» ማለት ከውዴታ የመነጨ ስምምነት አይባልም፤ መሄጃ የሌለው ሰው «እሺ» ያለው ወዶ አይደለምና።

ከሁሉ የከፋው የሁለት ወረቀት ነገር ነው። በእጅ የሚከፈለው 6,000 ብር ሆኖ በሚመዘገበው ውል ላይ 3,000 ይጻፋል እንበል፤ ምክንያቱም ግብር ነው። ይህ በሐሰት መመስከር ነው፤ ተከራዩና ፊርማቸውን ያኖሩ ምስክሮችም ተካፋዮች ናቸው። በዱንያም አያዋጣም። ጭማሪው የሚታሰበው በተመዘገበው 3,000 ላይ ነው፤ ተከራዩ ልቡ ቢቀየርና «ከዚህ በላይ አልከፍልም» ቢል አከራዩ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ያንኑ የራሱን ወረቀት ነው። ኡስታዞቻችን ስለ ወለድ የሚያስተምሩትን ያህል ስለዚህ ቢናገሩ መልካም ነበር።

ደላላነት በራሱ ሐላል ሥራ ነው፤ ክፍያው የታወቀ፣ ነገሩም ያልተሸፈነ እስከሆነ ድረስ። ነገር ግን ኮሚሽን የሚያገኘው ቤት በተለዋወጠ ቁጥር ስለሆነ፣ አከራዩን «የተሻለ ከፋይ አለኝ» እያለ የሚያባብል ደላላ አለ። የሁለት ዓመቱ ውል የሚዘጋው ይህን በር ነው። የጣሪያውን ማፍሰስ ወይም የውኃውን መቋረጥ እያወቀ የሚደብቅ ደግሞ ያታልላል፤ የተቀበለው ገንዘብም ንጹሕ አይሆንለትም።

እስካሁን በቃል ያከራየ ወንድም ተከራዩን ጠርቶ አሁን የሚከፈለውን እውነተኛ ዋጋ፣ የክፍሉን ሁኔታና የመብራትና የውኃውን ድርሻ በሁለት ምስክሮች ፊት ይጻፍ፤ አንዱን ቅጂ ለተከራዩ ይስጥ። ሁለት ወረቀት ያለው ደግሞ ሐሰተኛውን ቀድዶ እውነተኛውን ያስመዝግብ።

ወላሁ አዕለም።