ሐላል ነው? ብስልስ ነው ወይ?

ለሥራ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ ሙስሊም ወንድማችን ምግብ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሥጋውን ሐላልነት ነው። ደግ አደረገ። ቁርኣን ግን በሱረቱል በቀራ ሐላልን ከ"ጠይብ"፣ ማለትም ከመልካሙና ከንጹሑ ጋር አጣምሮ ያነሳዋል። በቢስሚላህ መታረዱ የኮሶ ትል እጭን አይገድልም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ጥሬ ወይም ለብለብ ሲቀርብልን "ይብሰልልኝ" ብለን ብንመልስ ነውር የለውም።

የቢሮ ሠራተኛው ዋና ችግር ግን ከሥጋው ይልቅ ሰዓቱ ይመስለኛል። ጠዋት ባለጉዳይ ሲያጨናንቀው በባዶ ሆዱ ቡና ይደራርባል፤ 9 ሰዓት ላይ ተርቦ ጥብሱን በጥድፊያ ይውጣል። ማታ ደግሞ "ጭንቀቴን ልርሳ" ይልና ጫት ይቅማል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ታዲያ ሳይተኛ ያደረ ሰው በማግስቱ ባለጉዳዩን በምን ትዕግሥት ያነጋግር?

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። የቦረና ደጋ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት አገር ነውና ቆሎ በኪስ መያዝ እንደ ድህነት አይታይብን። ሽሮ ስናዝዝ "እህቴ፣ ዘይቱንና ጨዉን ቀነስ አድርጊልኝ" እንበል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሆድን ሢሶ ለምግብ፣ ሢሶ ለመጠጥ፣ ሢሶ ለትንፋሽ እንድናደርግ አስተምረዋል። በምሳ ሰዓት ለዙህር ወደ መስጊድ በእግሩ የሚሄድ ሠራተኛ ምሳውንም በወቅቱ ይበላል፤ ባለጉዳዩም ሰዓቱን ይለምደዋል።