የደንበኛው ፍላሽ፦ ጸረ-ቫይረስና የተጠቃሚ ባሕርይ በመርካቶ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች

በኮምፒውተር ደኅንነት ዙሪያ የሚጻፉ ጽሑፎች ለቫይረስ መዛመት አብዛኛውን ጊዜ የተጠቃሚውን ቸልተኝነት ተጠያቂ ያደርጋሉ። እንደ ጎጃም በረንዳ ባለ የመርካቶ ሰፈር፣ ማመልከቻ በሚተየብበትና ሰነድ በሚታተምበት ቤት ግን የሰው ፍላሽ መቀበል ሥራው ራሱ ነው። ደንበኛውን «ፍላሽህን አልሰካም» የሚል ጸሐፊ የእንጀራ ገመዱን በገዛ እጁ ይበጥሳል።

ለእንዲህ ያለ ቤት ጸረ-ቫይረስ የሚሰጠው ዋስትና ውስን ነው። ፍሬድ ኮኸን በ1987 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናቱ እንዳረጋገጠው፣ ማናቸውንም ቫይረስ ያለ ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። በተግባርም ጸረ-ቫይረስ በእጅጉ የሚመካው አስቀድሞ የታወቁ ቫይረሶችን መለያ ከፋይሉ ጋር በማመሳከር ላይ ስለሆነ፣ ዳታ ለመቆጠብ ሲባል ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር አዲስ ለሚመጣው ዝግጁ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የፍላሽ ቫይረስ ታሪክ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ፣ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበት የዊንዶውስ «አውቶራን» ነበር። ማይክሮሶፍት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ይህን በር በቀደሙት ዊንዶውሶች ላይ ጭምር ሲያጠብ፣ የቫይረስ ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ ሰው ጣት አዞሩ። በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ የሚያሳብቅበት ከሥዕሉ ግርጌ ያለች ትንሽ ቀስት ናት። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ቀስቷን ማን ያያል? ጸሐፊው ሁለቴ ይጫናል፤ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሣል። የፈለገውን ፋይል ስላገኘ አንዳች ነገር አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ተበክሎ ይወጣል።

ያለ ፈቃድ የተባዛ ሶፍትዌር ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። «ክራክ» የሚጭን ሰው በመጀመሪያ የሚሰጠው መመሪያ ጸረ-ቫይረሱን እንዲያጠፋ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ቢመጣም የሐሰት ነው ብሎ ማለፍን በዚያው ይለምዳል። ይህ ልማድ፣ ምናልባትም፣ ከቫይረሱ የከፋ ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው ጉዳት እንደሚያደርስ እያወቀ ጎጂ ፕሮግራም የሚያሰራጨውን ነው፤ ሳያውቅ የሚያስተላልፈው ጸሐፊ ጉዳይ የሚፈታው በሥራው አደረጃጀት ነው። «የማታውቁትን ፍላሽ አትሰኩ» የሚለው ምክር እዚህ ቦታ የለውም። የቤቱ ሰነድ ከተቀመጠበት የተለየ፣ ሊኑክስ የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፍላሽ መቀበያ ቢሆን የዊንዶውስ ቫይረስ በቀላሉ አይነሣበትም፤ ወጪውም ጥቂት ነው። የዕለቱን ሥራ በአስተዳዳሪ መለያ አለመሥራት፣ ዊንዶውስ የሚደብቀውን የፋይል ቅጥያ እንዲታይ ማድረግም ይረዳል። ፋይሉን በቴሌግራም ማስላክ ፍላሽን ያስቀራል፤ ነገር ግን የደንበኛው መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ በቤቱ አካውንት ውስጥ ስለሚቀር፣ ኅትመቱ እንዳበቃ ደንበኛው እያየ መደምሰስ ይኖርበታል።